የኤርባግ መብራት በርቶ ሲቀር፦ ከሚቀርቡላችሁ አማራጮች የትኛው ይሻላል?

ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቀይ ምልክት አለች። የተቀመጠ ሰው፣ ከፊቱ ክብ ነገር። ቁልፉን ስታዞሩ ትበራለች፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይታ ትጠፋለች። ሳትጠፋ ከቀረች የኤርባጉ ኮምፒውተር ችግር አግኝቷል ማለት ነው። በዚያ ሁኔታ ላይ ያለች መኪና ብትጋጭ ኤርባጉ ላይከፈት ይችላል። በግጭት ቅጽበት ቀበቶውን ስቦ የሚያጠብቀው መሣሪያም አብሮ ሊያርፍ ይችላል። የሚያዛቸው አንድ ኮምፒውተር ነውና።

አዲስ አበባ ውስጥ ይቺን መብራት ይዛችሁ ጋራዥ ብትገቡ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት የመጀመሪያ መልስ "አጠፋልሃለሁ፣ ጣጣ የለውም" የሚል ነው። መብራት ማጥፋትና ኤርባግ መጠገን ግን ፈጽሞ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንዱን ከፍላችሁ ሌላውን ያገኛችሁ እንዳይመስላችሁ፣ በገበያው ላይ ያሉትን አማራጮች አንድ በአንድ እንያቸው።

እውነት አልሠራም ወይስ መከፈት አልነበረበትም?

"ተጋጨሁ፣ ኤርባጉ ግን አልወጣም" የሚል ሰው ሁሉ የተበላሸ ኤርባግ የለውም። የፊት ኤርባግ ለእያንዳንዱ ግጭት አይከፈትም። በአሜሪካ በኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደገፈው የአውራ ጎዳና ደህንነት ኢንስቲትዩት እንደሚያስረዳው፣ ቀበቶ ላላሰረ ሰው የሚከፈተው ግጭቱ ከማይነቃነቅ ግድግዳ ጋር በሰዓት ከ16 እስከ 19 ኪሎ ሜትር የመላተም ያህል ሲሆን ነው። ቀበቶ ላሰረ ሰው አብዛኛው መኪና እስከ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ይታገሣል፤ እስከዚያ ድረስ ቀበቶው ብቻውን ይበቃል ተብሎ ስለሚታሰብ። ልብ በሉ፣ ይህ ከግድግዳ ጋር ነው። የቆመ መኪና ብትመቱ ያም መኪና ይጨማደዳል፣ ይገፋል። ስለዚህ እናንተ ከዚህ በበለጠ ፍጥነት እየሄዳችሁም ላይከፈት ይችላል። ከኋላ ወይም ከጎን ተመትታችሁ የመሪው ኤርባግ ባይከፈትም ብልሽት አይደለም።

እኛ አገር ግን በተለይ የሚያሳስበኝ አንድ ዓይነት ግጭት አለ። ሌሊት መብራት ሳያበራ መንገድ ዳር የቆመ ሲኖትራክ ወይም አይሱዙ ሥር ከኋላ መግባት። የትንሿ መኪና ኮፈን ከጭነቱ ሥር ሰተት ብሎ ይገባል። ሴንሰሮቹ የሚጠብቁት ድንገተኛ መቆም የሚመጣው የመኪናዋ የላይኛው ክፍል ከብረቱ ጋር ሲላተም ነው። ያን ጊዜ ኤርባጉ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ወይም ጭራሽ አይከፈትም። ለዚህ ምንም ዓይነት ኤርባግ ብትገዙ መፍትሔ አይሆንም። ሌሊት ፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው ያለው።

ኤርባግ መከፈት እያለበት ሳይከፈት የቀረበት በዓለም የታወቀው ጉዳይ የጄኔራል ሞተርስ ነው። ሼቭሮሌ ኮባልትን በመሳሰሉ ትናንሽ መኪኖች ላይ የቁልፍ ማዞሪያው ልል ነበር። በጉዞ ላይ ቁልፉ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ሞተሩ ይጠፋል፤ ኤርባጉም ኃይል አጥቶ ዝም ይላል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 2.6 ሚሊዮን መኪኖችን ጉድለታቸውን በነጻ ሊጠግን መልሶ ጠራ፤ በካሣ ፈንዱ በኩል 124 ሞቶች ከዚሁ ጋር ተያይዘው ካሣ ተከፈለባቸው። እስኪጠገን ድረስ ባለንብረቶቹ እንዲያደርጉ የተነገራቸው ነገር ቀላል ነበር፤ ከመኪናው ቁልፍ ላይ ሌላውን ነገር ሁሉ ማንሳት። የቤት፣ የሱቅና የግቢ ቁልፍ አንድ ላይ የምታንጠለጥሉ ካላችሁ ዛሬውኑ ለዩት።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት

መብራቷ በራች ማለት ኤርባጉ ራሱ ሞተ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ሽቦው ላይ ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ወንበር ሥር ያለው ቢጫ ሶኬት ነው። የኤርባግ ሽቦ ቢጫ የሆነው ማንም ሰው በዘፈቀደ እንዳይነካው ነው። ወንበሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሳብ፣ ወይም ላቫጆ ላይ ምንጣፉ ሲጎተት ይላላል፤ ውኃም ይገባዋል።

ሁለተኛው መሪው ውስጥ ያለው ጥቅልል ጠፍጣፋ ገመድ ነው። መሪው በዞረ ቁጥር እየተጠቀለለና እየተፈታ ኤርባጉንና ክላክሱን ከቀሪው መኪና ጋር ያገናኛል። በዕድሜ ብዛት ይበጠሳል። መለያው ግልጽ ነው፦ የኤርባግ መብራት በርቶ ክላክሱም እምቢ ካለ፣ ወይም አንዴ እየሠራ አንዴ የሚተው ከሆነ፣ እጃችሁን መጀመሪያ እዚያ ላይ አድርጉ። እሱን መቀየር ከኤርባጉ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ይህን የሚለየው ጋራዥ ያለው የመመርመሪያ ኮምፒውተር ነው። ግን ሁሉም ኮምፒውተር አይደለም። በርካሽ የሚሸጡት ትንንሾቹ መሣሪያዎች የሞተር የብልሽት ኮድ ብቻ ያነባሉ፤ የኤርባጉን ክፍል አያዩትም። ባለሙያውን "የኤርባግ ኮድ ያነባል?" ብላችሁ ጠይቁ። የወጣውን ኮድም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ኮዱን ሳያሳያችሁ "ኤርባጉ ነው" ካላችሁ ሌላ ጋራዥ ሂዱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኤርባግ በውስጡ ፈንጂ ነገር አለው። ማንም ከመንካቱ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ መነቀል አለበት፤ ቶዮታ ከዚያ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ ይላል። ኤርባጉን በቴስተር እለካለሁ የሚል ኤሌክትሪሺያን ካያችሁ አስቁሙት። የቴስተሩ ኤሌክትሪክ ራሱ ፊቱ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል።

ጋራዥ የሚያቀርብላችሁ አማራጮች

ሽቦው ደህና ሆኖ ኤርባጉ ራሱ ከሌለ ወይም ከሞተ፣ ከፊታችሁ የሚቀመጡት መንገዶች እነዚህ ናቸው። ከሁሉ ከሚያናድደኝ ልጀምር።

*ሬዚስታንስ አስገብቶ መብራቱን ማጥፋት።* ኮምፒውተሩ በኤርባጉ መስመር ላይ የሚጠብቀው ሁለት ሦስት ኦም (የሬዚስታንስ መለኪያ) ያህል ብቻ ነው። ያንኑ የሚያሳይ በጣት የምትያዝ ትንሽ ዕቃ ሽቦው ላይ ከተሰካች "ኤርባጉ አለ" ብሎ ያምናል። መብራቷ እንደ ጤነኛ መኪና በርታ ትጠፋለች። መሪው ውስጥ ግን ባዶ ነው። ከዚህም የባሰው አምፖሏን መንቀል ወይም ከሌላ መብራት ጋር አያይዞ አብራ እንድትጠፋ ማድረግ ነው። ይህ ጥገና አይደለም። እናንተ ነገሩን ብታውቁት እንኳ ነገ መኪናዋን የሚገዛችሁ፣ ተበድሮ የሚነዳት እህት ወንድማችሁ አያውቀውም። በነጻ ቢሠራላችሁም እምቢ በሉ።

*ሽፋኑን ብቻ መግዛት።* የተቀደደው የመሪ ሽፋን በአዲስ ይቀየራል፤ የተሳፋሪው በኩል ዳሽቦርድ ይጣበቃል፣ ይቀባል፣ ቆዳ ይለብሳል። ሲያዩት ያምራል። ብዙ ጊዜ ከላይኛው ዘዴ ጋር ተጣምሮ ነው የሚመጣው። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

*ስሙ የማይታወቅ ርካሽ አዲስ ኤርባግ።* ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ዕቃው አዲስ ነው፣ ካርቶን አለው፣ የቶዮታ ምልክትም ሊኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት (NHTSA) ስለ ርካሽ ፎርጅድ ኤርባጎች ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። በዘጠኝ ወር ውስጥ ሦስት ሰው ሞቶ ሁለት ሰው ዕድሜ ልክ የሚተርፍ ጉዳት ደርሶበት ነበርና። አደጋዎቹ ከሌላ ግጭት በኋላ ኤርባጋቸው በርካሽ ዕቃ በተተካ መኪኖች ላይ የደረሱ ናቸው። ዕቃው ሲፈነዳ ብረቱ ተሰባብሮ ደረትና አንገት ውስጥ ገባ። እነዚያ ሰዎች ኤርባግ ጭራሽ ባይኖራቸው ይሻላቸው ነበር። እኔ ባዶ መሪን ከዚህ አስበልጣለሁ፤ ይህን የምለው አስቤበት ነው።

*ከተፈታ መኪና የወጣ ኦሪጅናል።* ሶማሌ ተራ ወይም ሌላ የመለዋወጫ ሰፈር የሚገኘው ይህ ነው። ዕቃው ፋብሪካ የሠራው እውነተኛ ኤርባግ ከሆነ ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው የማን መኪና ላይ ስንት ዓመት ኖረ የሚለው ነው። እዚህ ጋ ስለ ታካታ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም።

ታካታ ለብዙ ፋብሪካዎች ኤርባግ ያቀርብ የነበረ የጃፓን ኩባንያ ነው። ኤርባጉን የሚነፋው ኬሚካል አሞኒየም ናይትሬት ነበር። ይህ ነገር ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ባሕርይው ይለወጣል። ሲለኮስ ከሚገባው በላይ በኃይል ይፈነዳና የብረት ዕቃውን ይበጣጥሰዋል። በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚሆኑ እንዲቀየሩ ታዘዘ፤ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰረ። ለእኛ ቅርብ የሆነው ቁጥር ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ቶዮታ ከማርች 2003 እስከ ኖቬምበር 2007 የተመረቱ 35 ሞዴሎችን፣ ወደ አምስት ሚሊዮን መኪና፣ ለዚሁ ጉዳይ ጠራ። ከመካከላቸው ኮሮላና ቪትዝ ይገኙበታል። አዲስ አበባ ውስጥ የዚያ ዘመን ቪትዝ የማያውቅ አለ? እንግዲህ ከተፈታች የ2005 ቪትዝ የወጣ ኤርባግ ሲቀርብላችሁ፣ ዕቃው ከዚያ ጥሪ በኋላ ያልተቀየረ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ላስ ቬጋስ ውስጥ ልክ እንዲህ ሆኗል። ከ2001 ሆንዳ አኮርድ የወጣ የታካታ ኤርባግ ሌላ አኮርድ ላይ ተገጠመ፤ በግጭት ጊዜ ፈንድቶ አሽከርካሪዋን ክፉኛ አቆሰላት። መኪናዋን ስትጠቀም ውስጡ የማን ዕቃ እንዳለ አታውቅም ነበር።

ስለዚህ ያገለገለ ኤርባግ የምትገዙት እነዚህ ከተሟሉ ብቻ ነው፦ ከጀርባው ያለው የዕቃ ቁጥር ከእናንተው ጋር አንድ ዓይነት ሲሆን፣ የወጣበት መኪና የሻንሲ ቁጥር ተሰጥቷችሁ ጥሪ ያልወጣበት መሆኑን ስታረጋግጡ፣ ውኃ የገባበት መኪና ካልሆነ፣ ዕድሜውም ካልገፋ። ሻጩ የሻንሲ ቁጥር "የለኝም" ካለ ጨዋታው እዚያ ያበቃል።

*አዲስ ኦሪጅናል።* በወኪሉ በኩል፣ ለቶዮታ ለምሳሌ በሞኤንኮ፣ በራሳችሁ ሻንሲ ቁጥር የሚታዘዝ ነው። ያለ ጥርጥር የተሻለው ይህ ነው። ውድ ነው። የበለጠ ውድ የሚያደርገው ደግሞ ኤርባጉ ብቻውን አለመሆኑ ነው። ኤርባግ የተከፈተባት መኪና ላይ የቀበቶው ማጥበቂያም ተኩሷል፤ ኮምፒውተሩ የግጭቱን መረጃ ይዞ ተቆልፏል፤ የፊት ሴንሰሮቹም ተመትተው ሊሆን ይችላል። ዋጋ ስትጠይቁ የኤርባጉን ሳይሆን የሁሉንም ዝርዝር ጠይቁ። "ኤርባጉን ቀይሬልሃለሁ" ብሎ የተተኮሰ ቀበቶ የሚተው ጋራዥ ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ በሻንጣ እንዲያመጣላችሁ ግን አትላኩት። ኤርባግ በአየር ትራንስፖርት ሕግ አደገኛ ዕቃ ነው፤ በመንገደኛ ሻንጣ አይጫንም። ኤርፖርት ላይ የሚያዘው እሱ ነው።

*መብራቷን እንደበራች መተው።* ይህን እንደ አማራጭ የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በሙሉ አስበልጠዋለሁ። ምክንያቱም እውነት ይናገራል። መኪናዋ ላይ ኤርባግ እንደሌለ እናንተም፣ ሌላ ሰውም፣ ገዢም ያያል። የአሜሪካው የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ስሌት እንደሚያሳየው ቀበቶ ብቻውን በትንሽ መኪና ፊት ወንበር ላይ ላለ ሰው የመሞት አደጋን በ45 በመቶ ይቀንሳል። የፊት ኤርባግ ደግሞ በፊት ለፊት ግጭት የአሽከርካሪን ሞት በ29 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ነው የሚሻለው። አንዱን ብቻ ማግኘት ከቻላችሁ ግን ትልቁ ሥራ የቀበቶው ነው። የዚህ መንገድ ጉድለቱ፣ ነገ ሁለተኛ ብልሽት ቢመጣ መብራቷ ቀድሞም በርታ ስለነበር አትነግራችሁም። በየጊዜው ኮዱን አስነብቡ።

ፍርዴን ልንገራችሁ። መኪናችሁ አዲስ ቀመስ ከሆነችና ገና ብዙ ዓመት የምትይዟት ከሆነ፣ ቀስ ብላችሁም ቢሆን አዲስ ኦሪጅናል። አቅም ካነሰ፣ ምንጩ የተረጋገጠ ያገለገለ። እሱም ካልተገኘ መብራቷ በርታ፣ ቀበቶ ታስሮ፣ በዝግታ። ሬዚስታንሱ፣ ባዶ ሽፋኑና ፎርጅዱ ምርጫ ውስጥ አይገቡም።

መኪና ከመግዛታችሁ በፊት

የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ ያሉት የቤንዚን መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ያው መኪና ይጋጫል፣ ይሠራል፣ እንደገና ይሸጣል። ደላላው "ንክኪ የሌለባት" ይላል። እናንተ ደግሞ እንዲህ ፈትሹ።

ቁልፉን ክፈቱና ሞተሩን ሳታስነሱ የኤርባግ ምልክቷን ብቻ ተመልከቱ። መጀመሪያ መብራት አለባት፣ ከዚያ በራሷ መጥፋት አለባት። ጭራሽ ካልበራች፣ ወይም ሁልጊዜ ልክ ከሌላ መብራት ጋር አብራ የምትጠፋ ከሆነ ነገር አለ።

ከዚያ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት። ታችኛው ጫፍ ላይ የተሰፋ ትንሽ ጨርቅ አለ፤ የተመረተበት ጊዜ ተጽፎበታል። መኪናዋ የ2015 ሆና የአሽከርካሪው ቀበቶ የ2019 ከሆነ፣ ወይም የግራና የቀኙ ዓመት ከተለያየ፣ አንድ ቀን ተተኩሶ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ማንም ደላላ ይህን አስቦ አያስተካክለውም፤ ስለዚህ እኔ የምወደው ምርመራ ይህ ነው። ቀበቶው ተቆልፎ አልሳብ ካለ ወይም የተፋተገ ምልክት ካለበትም ያው ነው።

መኪናዋ ከአሜሪካ የመጣች ከሆነች ባለ 17 አኃዝ ቁጥር አላት። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት። ተጋጭታ በጨረታ ተሸጣ ከሆነ የዚያን ቀን ፎቶዋ ብዙ ጊዜ ይገኛል። መሪዋ ላይ የተንጠለጠለ ነጭ ጨርቅ ከታያችሁ፣ ዛሬ ያ መሪ ውስጥ ምን እንዳለ መጠየቅ መብታችሁ ነው። በዚያው ቁጥር የአሜሪካው የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ያልተሠራ ጥሪ እንዳለም በነጻ ይታያል። ይህ ለአሜሪካ ኮሮላ ገዢ በተለይ ይጠቅማል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ቶዮታ በዓለም ዙሪያ 3.4 ሚሊዮን መኪና ጠርቶ ነበር። በአሜሪካ ከ2011 እስከ 2019 ያሉት ኮሮላዎች ይገኙበታል። የኤርባጉ ኮምፒውተር በግጭት ጊዜ የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ረብሻ መቋቋም ስለማይችል፣ ኤርባጉ ሳይከፈት ሊቀር ይችላል ተብሎ ነው። መፍትሔው ሽቦው ላይ የሚገጠም ማጣሪያ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ሆናችሁ እንዲህ ዓይነት ኮሮላ የምትነዱ ካላችሁ፣ ሥራው በነጻ ነው፤ ወደ ቶዮታ መሄድ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።

ከጃፓን የገባች ቪትዝ ግን 17 አኃዝ የላትም። እንደ ኬ ኤስ ፒ 90 ባለ መጠሪያ የሚጀምር አጭር የሻንሲ ቁጥር ነው ያላት። እሱም በቶዮታ የጃፓን ድረ ገጽ ላይ ይፈተሻል፤ በስልክ ትርጉም እየታገዛችሁ ማንበብ ትችላላችሁ።

አዲሶቹ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ የታካታና የተፈታ ዕቃ ጣጣው ይቀራል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ያለ ወኪል የገቡት ላይ ማስጠንቀቂያው ስክሪኑ ላይ በቻይንኛ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ሳያነበው ይዘጋዋል። የኤርባጉን ክፍል የሚያነብ መሣሪያ ማን ጋ እንዳለ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ሻጩ መልስ ከሌለው፣ ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም ወኪል ያለውን ሞዴል ምረጡ።

ደህናውን ኤርባግ የምናበላሸው እኛው

የጎን ኤርባግ በብዙ መኪና ላይ የሚገኘው ወንበሩ ውስጥ፣ በበሩ በኩል ነው። እዚያ ላይ ትንሽ የተሰፋ ምልክት አለች። መኪና በተገዛ ማግስት ወፍራም የወንበር ልብስ ሲለበስ ያቺ ምልክት ትሸፈናለች፤ ኤርባጉም መውጫ ያጣል። ልብስ ካላለበስኩ ካላችሁ በዚያ በኩል ክፍት የሆነውን ግዙ።

የተሳፋሪው ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፍ ሽቶ፣ ስልክ መያዣና ጌጥም አንሱ። ኤርባግ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ይወጣልና ከላዩ ያለውን ነገር ሁሉ ወደ ሰው ፊት ይወረውረዋል። አሽከርካሪው ደረቱን ከመሪው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ያርቅ። ሕፃን ታቅፎ ፊት ወንበር መቀመጥ ይቅር፤ በግጭት ቅጽበት ሕፃኑ በኤርባጉና በታቃፊው መካከል ይጣበቃል። ወደ ኋላ ዞሮ የሚቀመጥ የሕፃን ወንበር የሚሠራ ኤርባግ ፊት ፈጽሞ አይደረግም። ኤርባጉ የሞተ ከሆነም ሕፃኑን ፊት ለማስቀመጥ ምክንያት አይሆንም። ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቦታው ኋላ ነው፣ ቀበቶው ታስሮ።